የዓሣ ዘይት የራስ ቁር አይደለም

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ዓሣና ቅጠላ ቅጠል ካዘወተረ አንጎሉ ከግጭት ጉዳት ይተርፋል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ገበታው ያምራል፤ ክርክሩ ግን ጨው የለውም።

ዶክተር ቤኔት ኦማሉ እ.ኤ.አ. በ2002 የሟቹን የፉትቦል ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል ሲመረምር ያገኘው የታው ፕሮቲን ክምችት የዓመታት ምት ውጤት እንጂ የምግብ ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካዩት የ111 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ከተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ጋር የተያያዘው የአንጎል በሽታ ሲቲኢ ተገኝቷል። ናሙናው የተለገሰ ስለሆነ ሁሉንም አይወክልም፤ እሺ። ግን ይህን ቁጥር በሳልመን ማስተባበል?

በዓሣ ዘይት ውስጥ ባለው ኦሜጋ 3 ላይ ተስፋ ሰጪ ጥናቶች አሉ። የለኩት ግን በደም ውስጥ የሚታይ የጉዳት ምልክትን ነው እንጂ በሽታውን አይደለም። እንዴትስ ይለኩት? ሲቲኢ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ ነው!

በልምምድ ላይ ግጭትን መቀነስ ሊጉን ያስቸግራል። ተጫዋቹን «ዓሣህን አልበላህም» ብሎ መውቀስ ግን ምንም አያስከፍልም።