ለማይነሣ ሞተር ስለሚከፈል ዋጋ

አሮጌ ነገር መውደድ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የጋራ ጠባይ ነው። ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ፣ የሚንኮሻኮሽ ሸክላ፣ መልኩ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ባየን ቁጥር እጃችን ሳናዝዘው ወደ ኪሳችን ይገባል። ጠባዩን አልነቅፍም፤ በእኔም አለና። ይሁንና አሮጌ መጽሐፍ ቢያረጅም ይነበባል፤ አሮጌ ሸክላ ቢንኮሻኮሽም ይዘፍናል። ሊንቀሳቀስ ተሠርቶ መንቀሳቀስ ያቆመ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያስነሣው ሰው ይግዛው፤ ሊመለከተው ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢተወው ይሻላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይኸው ነው።

አሳቡን ያመጣብኝ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ ግቢ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ የሚገኝ ሞቶ ጉዚ ሞተር ሳይክል ነው። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ኮንዶሚኒየም ሊዛወሩ ስለ ሆነ ማስቀመጫ የላቸውም። «ልጄ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይዤው አልወጣ!» ብለውኛል። የሚገዛ ካልተገኘ ለቆራሌው በኪሎ ይሸጣል። እኔም ልግዛው ወይስ ልተወው እያልሁ ሳምንታት አሳልፌአለሁ።

የሞቶ ጉዚ ኩባንያ በ1913 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1921) በካርሎ ጉዚና በጆርጆ ፓሮዲ የተመሠረተ ሲሆን፣ ፋብሪካው በሰሜን ጣልያን፣ በኮሞ ሐይቅ ዳርቻ ባለችው በማንዴሎ ዴል ላርዮ ይገኛል። ሽማግሌው ያላቸው ሞዴል «ፋልኮኔ» ይባላል፤ እንደ እኛ «ጭልፊት» ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950 እስከ 1967 ተመርቷል። ባለ 500 ሲሲ አንድ ሲሊንደር አለው። ሲሊንደሩ እንደ ሌሎቹ ሽቅብ የቆመ ሳይሆን በአግድም ተኝቶ ራሱን ወደ ፊት ጎማ ያዞረ ነው፤ ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት እያገኘው ያቀዘቅዘዋል። የሞተሩን ዙር የሚያረጋጋው ከባድ የብረት መንኮራኩርም ከውጭ በኩል ስለሚገኝ፣ ሞተሩ ሲነሣ መሽከርከሩ ለዐይን ይታያል።

በቤንዚን መያዣው ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር ተስሏል። ላላወቀ ሰው የፋሺስቶችን ንስር ሊመስለው ይችላል፤ የወረራውን ዘመን ለምናስታውስ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጉዚና ፓሮዲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአየር ክፍል አብሯቸው ያገለገለ ጆቫኒ ራቬሊ የሚባል አብራሪ ጓደኛ ነበራቸው። ከጦርነቱ በኋላ ሦስቱም በአንድነት ሞተር ሳይክል ሊሠሩ ተስማምተው ሳለ፣ ራቬሊ በ1919 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ንስሩ የእርሱ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ይህ ብረት ከመጀመሪያው የሐዘን ምልክት ይዞ የተወለደ ነው። ገጣሚን ለመማረክ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝገቱ ግጥም ይሆናል፤ የተሰነጠቀው ኮርቻ ግጥም ይሆናል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም።

አሜሪካዊው ሮበርት ፐርሲግ ስለ ዜንና ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና የጻፈው መጽሐፍ በ121 አሳታሚዎች ተቀባይነት አጥቶ በመጨረሻ በ1974 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ ውድ ቢኤምደብልዩ የሚነዳ ወዳጅ አለው። የዚህ ሰው ሞተር መሪ ይላላበታል። ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ ላይ ስስ ቁራጭ ቆርጦ ቢያስገባበት እንደሚጠብቅ ሲነግረው ወዳጁ ቅር ይለዋል፤ በዚያ ውብ ማሽን ላይ የቢራ ቆርቆሮ! እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ፍቅር ይታያል። አንደኛው የማሽኑን መልክና ስሜት ይወድዳል፤ ሁለተኛው ውስጡን፣ አሠራሩን ይወድዳል። የእኛ አገር መካኒክ ይህን ክርክር ቢሰማ የሚገርመው ይመስለኛል። ቆርቆሮ ቆርጦ ማስገባት ለእርሱ ፍልስፍና አይደለም፤ የዘወትር እንጀራው ነው።

መካኒክ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጋራዦቻችን በጣልያንኛ ቃላት የተሞሉ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራና ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው በየጋራዡ የሠሩት ጣልያናውያን ያወረሱን ነው። ካንዴላ እንላለን፤ ቃሉ በምንጩ ሻማ ማለት ነው። ማርሚታ እንላለን፤ ድስት ማለት ነው። ኩሽኔታ እንላለን፤ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። የባለቤትነት ማስረጃው ሊብሬ እንኳ ጣልያኖች መጽሐፍን ከሚጠሩበት ቃል የወጣ ነው። ሻማ፣ ድስት፣ ትራስ፣ መጽሐፍ፦ አንድ ሙሉ ቤት በአንድ ጋራዥ ውስጥ! እነዚህ ቃላት ባለቤቶቻቸው ከሄዱ በኋላ ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖሩት ግን ማንም በቅርስነት ስለ ጠበቃቸው አይደለም። ግሪስ የነካው እጅ በየቀኑ ስለሚጠራቸው ነው። «ካንዴላውን አቀብለኝ» የሚል ሰው እስካለ ድረስ ቃሉ አይሞትም። ብረትም እንደዚሁ ነው። በሥራ ላይ ያለ አሮጌ ሞተር ቅርስ ነው፤ የቆመው ግን የሚያነሣው እጅ እስኪያገኝ ድረስ ጥሬ ብረት ነው።

ይህን ካልን፣ እንዲህ ያለ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ከስሜቱ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የማስነሻው ፔዳል ሲረገጥ ይወርዳል ወይስ ደርቆ ይቀራል? ከደረቀ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታቱ ነው። የቤንዚን መያዣው ውስጡ በዝገት ተበልቷል? ሊብሬው አለ? በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ይገጥማል? ሊብሬ የሌለው ሞተር ተጠግኖ ቢነሣ እንኳ ከግቢ በር አያልፍም። የሽማግሌው ፋልኮኔ ሊብሬ አለው፤ ቁጥሩም ይገጥማል። ፔዳሉ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመለዋወጫ ነው። ለሞቶ ጉዚ አሮጌ ሞዴሎች ዛሬም ዕቃ የሚሠሩና የሚሸጡ በጣልያን አሉ። ነገር ግን ዕቃው የሚገዛው በዩሮ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህን ቁጥር ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ ሳየው ኖሬአለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ውድ የነበረው የአንድ ፒስተን ዋጋ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ይህ እንግዲህ አንዱ ፒስተን ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመንገዱ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ሳይክሎችን ከመንገድ አግዳ ነበር፤ በኋላም በፈቃድና በቁጥጥር እንዲሠሩ ተደርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ዘመኑ ፊቱን ከቤንዚን እያዞረ ነው። የዛሬ ሰባ ዓመት ሞተር የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ዐውቆ መግዛት አለበት። አለዚያ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

የሚቃወመኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «ታዲያ ለቆራሌው ይሂድ ነው የምትለው? ባይነሣስ? ቆሞ ቢታይ ምን ነውር አለው? ሙዚየም ያለውስ ሁሉ የቆመ አይደለም ወይ?» ይለኛል። ክርክሩ ብርቱ ነው። የፐርሲግ ሞተር ራሱ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኝ ሙዚየም ቆሟል። ነገር ግን ያ ሞተር ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ ተጉዞ፣ መንገዱ መጽሐፍ ሆኖ፣ ሥራውን ፈጽሞ የቆመ ነው። ደግሞም ሙዚየም ማለት ጣሪያ፣ ጠባቂ፣ ዘይት የሚቀባ እጅና ታሪኩን የሚነግር አንደበት ማለት ነው። እኔ ያለኝ የኪራይ ቤት በረንዳ ነው። ከሽማግሌው ቆርቆሮ ሥር አውጥቼ በእኔ በረንዳ ላይ ባቆመው፣ ዝገቱን አድራሻ አስቀየርሁት እንጂ ሞተሩን አላዳንሁትም።

ደግሞ ገንዘቡ አለ። ሽማግሌው የጠየቁት ዋጋ የግጥም መድበሌን ለማሳተም በሦስት ዓመት ካጠራቀምሁት ጋር እኩል ነው። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ወዳጆቼ ሳይናገሩ በዐይናቸው ይተርቱብኛል። ይሁንና ለራሴ ማድላት አልፈልግም። ሞተሩን የጠየቅሁትን ጥያቄ መድበሉንም ልጠይቀው ይገባል። ታትሞ በካርቶን እንደ ታሸገ ከአልጋ ሥር የሚቀመጥ የግጥም መጽሐፍ ከቆመ ሞተር በምን ይሻላል? በምንም። በየቤታችን ከአልጋ ሥር ስንት የማይነሣ መድበል እንዳለ እኛው ለእኛው እናውቃለን። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ ለግጥሙ እጅ አለኝ። የላላውን ስንኝ አጠብቃለሁ፤ የዛገውን ቃል እፍቃለሁ፤ መጽሐፉንም ተሸክሜ ከመጽሐፍ መደብር መጽሐፍ መደብር፣ ከግጥም ምሽት ግጥም ምሽት እዞራለሁ። ለፋልኮኔው ያለኝ ግን ዐይን ብቻ ነው።

ሞተሩን እንዲያይልኝ የወሰድሁት ወጣት መካኒክ ነገሩን በአንድ ጥያቄ ጨርሶታል። ተንበርክኮ ሲያበቃ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ለመቼ ነው የፈለግኸው? ለፊታችን ፋሲካ ነው ወይስ ለልጅህ ሠርግ?» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን እርሱ ከሞተሩ አልተለየም። ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየ፤ መንኮራኩሩን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ፒስተኑን ለማላቀቅ ምን ዓይነት ዘይት ለስንት ቀን እንደሚያፈስበት ለብቻው ማስላት ጀመረ። እኔ ንስሩን ስመለከት እርሱ ቡሎኑን ይመለከት ነበር። የሞተሩ ባለቤት ማን መሆን እንዳለበት ከዚህ በላይ ግልጽ የሚሆን አይመስለኝም።

ስለዚህ አልገዛም። ለሽማግሌውም ሞተሩን ለዚህ ወጣት፣ የሚችለውን ከፍሎ ቀሪውን በየወሩ እንዲሰጣቸው አድርገው ቢለቁለት እንደሚሻል ነግሬአቸዋለሁ። እስካሁን አልተስማሙም፤ እርሳቸው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይሻሉ፣ እርሱ በአንድ ጊዜ የለውም። መልቀቂያ ቀናቸው ሳይደርስ ካልተስማሙ ቆራሌው ሊቀድማቸው ይችላል። ያን ጊዜ አዝናለሁ። ኀዘኔ ግን ሞተሩን በረንዳዬ ላይ ለማቆም ምክንያት አይሆነኝም። ቼ ጉቬራና ጓደኛው ደቡብ አሜሪካን ሊያቋርጡ የተነሡበት የ1939 ኖርተን ሞተር «ብርቱዋ» የሚል ስም ነበራት። በ1952 እ.ኤ.አ. ቺሊ ላይ ጨርሳ ስትሞት ትተዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ። የጉዞው መጽሐፍ ዛሬም በሞተር ሳይክል ስም ይጠራል፤ አብዛኛው መንገድ ግን ያለ ሞተር የተሄደ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ አንተም ወይም አንቺ በአንድ ግቢ ቆርቆሮ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ልባችሁ ቢሸፍት፣ ስለ ዋጋው ከመደራደራችሁ በፊት መዳፋችሁን ተመልከቱ። መፍቻ ለመያዝ፣ ለዓመታት ቅዳሜን ለመሠዋት፣ ግሪስ ለመልበስ ከፈቀደ ሳትዘገዩ ግዙት፤ የእኔን ምክር አትስሙ። ካልፈቀደ ግን መዳፍ ላለው ሰው ንገሩለት። አንድን አሮጌ ነገር ለሚያስነሣው ሰው መጠቆምም የመውደድ ዓይነት ነው፤ ምንም እንኳ ፎቶግራፍ ባይወጣለትም።