ከጄሶ ሐውልት ይልቅ ሕያው ሰው

የሰውን ሰውነት በብርዕና በቀለም ማጥናት የባዕድ ልማድ ነውና ከሥዕል ትምህርት ይውጣ የሚል አሳብ ደጋግሞ ከጆሯችን ይደርሳል። ሌሎች ደግሞ ጥናቱን ሳይቃወሙ ያጠፉታል፤ ይኸውም ከፎቶግራፍ ገልብጠው፣ ጥላውን አድምቀው፣ «የክላሲክ ጥናት ነው» እያሉ ለሆቴል ግድግዳ ያቀርቡታል። እኛ ሁለቱንም ወገኖች እንቃወማለን።

ባዕድ ነው ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የሰውን መልክ በጥቁር መስመር እየከለሉ፣ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን ግን ከጎን በአንድ ዓይን ሲሥሉ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ጆን ፍላክስማን ለሆሜር ድርሰቶች የሠራቸው ጥላ አልባ የመስመር ሥዕሎች በ1793 እ.ኤ.አ. ሲወጡ አውሮፓ ቢደነቅባቸውም፣ የመቃ ብርዕ የጨበጠ የኛ ጸሐፊ በመስመር ብቻ መናገርን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሆኖም አባቶቻችን ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከቀሚሱ በታች ያለው ጉልበት እንዴት ይታጠፋል? ፈረንሳዊው ዳቪድ በ1791 እ.ኤ.አ. የቴኒስ ሜዳውን መሐላ ሲያዘጋጅ ሰዎቹን በመጀመሪያ ራቁታቸውን ነደፈ፤ ልብሱ የመጣው ከአጥንቱና ከጅማቱ በኋላ ነው። ሳይጨርስ የተወው ሸራ ይህን እስከ ዛሬ ያሳያል። በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ፣ ሁለቱ ልማዶች በአንድ ጠረጴዛ ሊገናኙ የሚችሉበት ቤት ተገኘ። ይህን በር ዝጉ ማለት ለማን ይጠቅማል?

ነገር ግን ትምህርቱን መቀበል የግሪክን ደረት መቀበል አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ ሰውነቱ ከየትኛው የጄሶ ሐውልት ጋር ይመሳሰላል? ቀጭኑ ባት፣ ረጅሙ ጅማት፣ ለእስትንፋስ የተሠራው ደረት በዲስክ ወርዋሪው ሐውልት ላይ አይገኝም። ስለዚህ ተማሪው ማለዳ ተነሥቶ ከመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሮጡትን ይመልከት፤ ከዚያም በቦሌ መንገድ ወደ ኦሎምፒያ ይውረድ። የግሪኮቹን የውድድር ስፍራ ስም በያዘው በዚህ ሰፈር፣ አጎንብሶ ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ ወደ ፎቅ የሚወጣውን የቀን ሠራተኛ ያገኛል። የተሸከመ ሰው አንገት እንዴት እንደሚገባ ፎቶግራፍ አይነግረውም፤ ጎኑ ቆሞ ማየት አለበት።

ደግሞም መሣሪያው ብርዕ ይሁን። እርሳስ ይፋቃል፤ የብራና ጸሐፊዎችም ስሕተታቸውን በስለት ይፍቁ ነበር (ብራናው ይችላል)፤ ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ግን ይቅርታ አያውቅም፤ ከመሳቡ በፊት ማየትን ያስገድዳል። ፎቶግራፍ የሚገለብጥ እጅ ከዚህ ግዴታ አምልጧል፤ የሚደክመውም ስለዚህ ነው።

ጨዋነትን እያነሡ የሚከራከሩ አሉ። ክንድ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ማንንም ሳያራቁቱ ይጠናሉ፤ ሯጩ በቁምጣ ነው፣ ሠራተኛውም እጅጌውን ሰብስቧል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ሰው በምስጋና ብቻ ማሰናበት ነው። የሚቆመው ሰው የሰዓቱን ዋጋ ይከፈለው፤ የትምህርት ቤቶቻችንም በጀት ለቀለምና ለወረቀት እንደሚያስብ ለእርሱም ያስብ።