ለሣር ሲሳይ፣ ለውኃ ጠንቅ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ከሚሸጠው የዱቄት ወተት ከፊሉ የሚመጣው ከኒውዚላንድ ነው። በዚያች አገር አብዛኞቹ የወተት ላሞች በመስክ ላይ ውለው በመስክ ላይ ያድራሉ፤ ወደ ማለቢያው ቤት የሚነዱት ለመታለብ ብቻ ነው። ከማለቢያው የሚወጣው፣ እበትና ሽንት የተቀላቀለበት የእጥበት ውኃ በአንድ ላም በቀን ወደ 50 ሊትር ይገመታል። አራት መቶ ላሞች ላሉት ገበሬ ይህ በየቀኑ 20 ሺህ ሊትር ማለት ነው።

ቀደም ሲል ፍሳሹን በኩሬ አቆይቶ ወደ ወንዝ መልቀቅ የተለመደ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በግጦሽ መሬት ላይ ይረጫል። ለውጡ የሚደገፍ ነው፤ ፍሳሹ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ስላለው ገበሬውን ከማዳበሪያ ወጪ ያሳርፈዋል። ሣር ግን የሚችለው ልክ አለው። ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ የተረጨው ፍሳሽ ሥር ሳይደርስበት ወደ ቦይ ይወርዳል፤ ናይትሮጅኑም ወደ ናይትሬት ተለውጦ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ከዚያ ባለፈ ውኃ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል።

የፖታሲየሙ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፍሳሹ ለማለቢያው ቅርብ በሆነው መስክ ላይ ብቻ ሲደጋገም ፖታሲየሙ ይከማችና ሣሩ ማግኒዚየም እንዳይወስድ ያግደዋል። በወሊድ ሰሞን ላሟ ትንቀጠቀጣለች፤ ትወድቃለችም። ቧንቧ ለማስረዘም የሰሰተ ገበሬ ላም ያጣል።

የኒውዚላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ በግጦሽ መሬት ላይ የሚጨመረውን ሰው ሠራሽ ናይትሮጅን በሄክታር በዓመት በ190 ኪሎ ግራም ገድቧል። ወሰኑ የፍሳሹን ናይትሮጅን አይጨምርም፤ ያ በየአካባቢው ምክር ቤቶች ደንብ ይዳኛል። ሣሩና ውኃው ግን ናይትሮጅኑ ከከረጢት ይምጣ ከኩሬ አይለዩም፤ ሁለቱ በአንድ ሒሳብ ሊደመሩ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ የኩሬው ስፋት ነው። ማስፋቱ ውድ ነው የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ሆኖም ገበሬው ያልከፈለውን ከወተቱ ሽያጭ ድርሻ የሌለው የታችኛው መንደር ባለ ጉድጓድ ይከፍለዋል። ሰፊ ኩሬ ያለው መሬቱ እስኪጠነፍፍ ይታገሣል። ኩሬው የሞላበት ግን ዝናቡ እየወረደም ከመርጨት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።