ታዳሚ ወይስ ምስክር?

ስለ ሕዝባዊ በዓላት በሚነገረውና በሚጻፈው ውስጥ አንድ አስተሳሰብ ሥር እየሰደደ ሄዷል። አስተሳሰቡ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ የሚል ነው፦ በየቤቱ ቴሌቪዥን፣ በየኪሱ የእጅ ስልክ ባለበት በዚህ ዘመን አንድ ሰው ሌሊቱን ተጉዞ፣ በብርድ ተንዘፍዝፎ፣ ከሩቅ እንደ ጉንዳን የሚታይ መሪ ሲምል ለማየት አደባባይ መውጣቱ ከንቱ ድካም ነው። ይህ አስተሳሰብ በበዓል አዘጋጆች ዘንድ መንትያ ወንድም አለው። ለእነርሱ ደግሞ አደባባዩን የሞላው ሕዝብ እንደ ባንዲራውና እንደ አበባው ሁሉ የመድረክ ማስጌጫ ነው። ሁለቱ ወገኖች የማይገናኙ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም አደባባይ የወጣውን ሰው ከተመልካችነት የዘለለ ድርሻ አይሰጡትም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከሁለቱም ጋር ነው። ለሙግቱም በየአራት ዓመቱ በበረዶ ወራት መካከል በዋሽንግተን ከተማ የሚፈጸመውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቃለ መሐላ በአስረጅነት ያቀርባል።

በመጀመሪያ፣ ይህ በዓል ከመንገድና ከጉዞ ተለይቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1789 ጆርጅ ዋሽንግተን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረጥ አዲሱ መንግሥት ሥራ እንዲጀምር የተቆረጠው ቀን መጋቢት መባቻ አካባቢ ነበር። ነገር ግን የምክር ቤቱ አባላት በጊዜው ኒው ዮርክ ደርሰው ምልዓተ ጉባኤ ሊያሟሉ ስላልቻሉ ቀኑ አለፈ። ዋሽንግተንም ከመኖሪያው ተነሥቶ አንድ ሳምንት ያህል ከተጓዘ በኋላ ቃለ መሐላውን የፈጸመው በኤፕሪል 30 ቀን ነው። ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ መሐላው የሚፈጸመው በማርች 4 ቀን ሆኖ ቆየ። በምርጫውና በመሐላው መካከል አራት ወራት የቆዩት ወሬና ሰው በፈረስና በሠረገላ ይጓዙ በነበረበት ዘመን ስለተወሰኑ ነው። ባቡርና ሽቦ መንገዱን ሲያሳጥሩት ይህ ጊዜ ትርፍ ሆነ፤ በ1933 የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 20 አመጣው። በዚህ ቀን የመጀመሪያው በዓል የተከበረው በ1937 ነው። እንግዲህ የመንግሥት ሥራ ፈጠነ፤ ለበዓሉ የሚጓዘው ሰው ግን ከመጋቢት ወደ ክረምቱ እምብርት ተወረወረ። ይመጣ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። እርሱ ግን መጣ።

እንዴትስ እንደመጣ በ2009 ታይቷል። ባራክ ኦባማ በማለበት በዚያ ማክሰኞ የአየሩ ቅዝቃዜ በቀትር እንኳ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። በካፒቶል ፊት ለፊት በተንጣለለው ሜዳ የተገኘው ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። የከተማይቱ የምድር ውስጥ ባቡር በዚያ አንድ ቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ጉዞዎችን አስተናግዷል። ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው ንጋት ላይ የደረሱ፣ አረጋውያን ወላጆቻቸውን ደግፈው፣ ሕፃናትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የመጡ አያሌ ናቸው። ሐምራዊ የመግቢያ ካርድ ከያዙት መካከል ሺዎች በአንድ የመኪና መሿለኪያ ውስጥ ለሰዓታት ተሰልፈው ከቆሙ በኋላ መሐላው ሳይደርሳቸው ቀርቷል።

የኪነ ጥበብ ሰዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር በዚያ ቀን ተፈጽሟል። ዮ-ዮ ማና ኢትዛክ ፐርልማንን የመሰሉ ስመ ጥር ሙዚቀኞች ለበዓሉ የተዘጋጀ ሙዚቃ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ፤ ሕዝቡ የሰማው ግን ከሁለት ቀን በፊት የተቀዳውን ድምፅ ነበር። ምክንያቱም ብርዱ የመሣሪያዎቹን ቅኝት እንደሚያበላሽ ታውቋል። ክራርና መሰንቆ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድም፤ ጅማትና እንጨት ብርድ አይችሉም። ዳሩ ግን ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። የጌቶቹ መሣሪያ ያልቻለውን ብርድ ሜዳ ላይ የቆመው ሰው ቻለው። ሙዚቃው አስቀድሞ ሊቀዳ ቻለ፤ የሕዝቡ መገኘት ግን አስቀድሞ ሊቀዳ አይችልም ነበር። በዚያ አደባባይ በዕለቱ በሕይወት መገኘት ግዴታው የሆነ አንድ ወገን ቢኖር ሕዝቡ ነው።

ታዲያ ለምን ሄደ? የተሻለ ለማየት ነው እንዳይባል፣ ቤቱ የቀረው የመሪውን የዓይን ሽፋሽፍት ሳይቀር አይቷል። መልሱን ለማግኘት ከራሳችን ኑሮ ብዙም መራቅ አያስፈልገንም። ዘመዱ የሞተበትን ሰው «ለቅሶህን በሬዲዮ ሰማሁልህ» የሚል ማን ነው? ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሬሣውን ለማየት አይሄድም፤ መገኘቱ ራሱ ዕዳ ስለሆነ ይሄዳል። የሠርጉም፣ የሽምግልናውም ነገር እንዲሁ ነው። አባቶቻችን ውል ሲዋዋሉ ምስክር የሚያስቀምጡት ተመልካች አጥተው አይደለም። ነገ ቃሉ ሲታጠፍ «እኔ እዚያው ነበርኩ» ብሎ የሚነሣ ሰው እንዲኖር ነው። መሐላ የሚሰማው ባይኖርም መሐላ ሊባል ይችላል፤ የሚጠይቀው ከሌለ ግን ከአፍ የወጣ ነፋስ ነው።

በ2009 የተጓዘው ሰው ደግሞ የሚመሰክርበት ነገር ከብዙዎች ይልቅ የከበደ ነበር። ያ መሐላ የተፈጸመበት ካፒቶል ሲገነባ ጉልበታቸውን ካፈሰሱት መካከል ባሮች ይገኙበታል። ከሜዳው በቅርብ ርቀትም በ1850 የባሪያ ንግድ በከተማይቱ እስከተከለከለ ድረስ ሰው ታስሮ የሚሸጥባቸው ቤቶች ነበሩ። የእነዚያ ሰዎች ልጅ ልጆች በዚያ ሜዳ ላይ ቆሙ። ይህን በቴሌቪዥን መመልከት ይቻል ነበር የሚል ሰው የታሪክን ምንነት አልተረዳም።

ጃንዋሪ 20 በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥር 12 ላይ ይውላል፤ በ2009ም እንዲሁ ነበር። የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ ማለት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖረው እጅግ ብዙ ወገናችን ይህን መገጣጠም አይስተውም። በአገር ቤት በከተራ ታቦት አጅቦ ወርዶ፣ በጥር ውርጭ ሜዳ ላይ አድሮ፣ በማግስቱ እልል እያለ የሚመለሰውን ሕዝብ «ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። በዓሉ ሃይማኖታዊ ነው፣ መሐላው ፖለቲካዊ ነው፤ ሁለቱን አናምታታም። የእግሩ ትርጉም ግን አንድ ነው፤ በፈቃዱ የመጣ እግር ይናገራል።

«በፈቃዱ» ማለታችን በከንቱ አይደለም። ብርቱው ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና። ብዛት ብቻውን ምን ያረጋግጣል? አደባባይን በትእዛዝም መሙላት ይቻላል። እውነት ነው፤ እኛም ይህን ከማንም የተሻለ እናውቃለን። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ወጪና በታላቅ ሰልፍ ሲከበር፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ እየረገፉ ነበር። በየቀበሌው ተጠርቶ አደባባይ የወጣው ሰው ከማንም ያነሰ ሰው ስላልነበረ አንወቅሰውም። ቢሆንም መምጣቱ ከእርሱ ስላልመነጨ፣ ምስክር እንዲሆን ዕድል አልተሰጠውም። መቅረት የማይችል ሰው መምጣቱ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ተቃውሞው ሐሳባችንን አያፈርስም፤ ያጠራዋል እንጂ። የበዓል ክብር በታዳሚው ቁጥር አይለካም፤ ታዳሚው ሊቀር ይችል እንደነበረ በማወቅ ነው የሚለካው።

የሚደንቀው ግን በዚያው በ1977 ዓ.ም.፣ ከአራት ወራት በኋላ፣ በዋሽንግተን የዚህ ተቃራኒ መታየቱ ነው። የሮናልድ ሬጋን ሁለተኛ መሐላ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ገደማ በመድረሱ ወደ ካፒቶል አዳራሽ ገባ፤ ሰልፉም ተሰረዘ። አንዱ አገር ሕዝቡን አስገድዶ አወጣ፤ ሌላው የመጣውን ሕዝብ ከበር መለሰ። በ2025 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ በብርዱ ምክንያት መሐላውን ወደዚያው አዳራሽ አስገባ። ከ200,000 በላይ የመግቢያ ካርድ ተሰራጭቶ ሳለ አዳራሹ የሚይዘው ጥቂት መቶዎችን ብቻ ነበር። ወደ ስፖርት አዳራሽ የተዛወረውም ሰልፍ 20,000 ሰው ገደማ እንጂ ከዚያ በላይ የሚያስተናግድ አልነበረም።

ብርዱ ይገድላል፤ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናት፣ ለጥበቃ ሠራተኞች ማሰብም ተገቢ ነው። በ14 ዲግሪው ቅዝቃዜ ማንም ክርክር አያበዛም። ግን እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከዋዜማው ጀምሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወርዶ ሳለ፣ ሌሊቱን ወታደሮች መንገዱን ጠርገው ጆን ኬኔዲ ደጅ ማለ። የ86 ዓመቱ ባለቅኔ ሮበርት ፍሮስትም ለበዓሉ የጻፈውን አዲስ ግጥም የፀሐይ ነጸብራቅ አላስነብብ ቢለው፣ የቆየ ግጥሙን በቃሉ ወጣው። የሙዚቃው መሣሪያ በኋላ ያልቻለውን የሽማግሌው ቃል አስቀድሞ ችሎታል። በር መዝጋት ቀላል ነው፤ በረዶ መጥረግ ግን ሥራ ነው። አንድ መንግሥት ሕዝቡን ምን ያህል እንደሚፈልገው የሚታወቀው ከሁለቱ የትኛውን ቀድሞ እንደሚያስብ ነው። በ2021፣ በወረርሽኙና በካፒቶል ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ሜዳው በተዘጋ ጊዜ፣ በሕዝቡ ፈንታ ወደ 200,000 የሚጠጉ ትናንሽ ባንዲራዎች ተተከሉ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ትዕይንቱም ያማረ ነበር። ነገር ግን ባንዲራ አይመሰክርም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ለእኛው ነው። የቴአትር ደራሲው ስለ በዓል ሲጽፍ ብዕሩን በክብር ትሪቡን ላይ አይትከል፤ ወደ አውቶቡስ ተራው፣ ወደ ሰልፉ ጭራ ይውረድ፤ ድራማው ያለው እዚያ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አደባባይ ሲወስድ ስም ከመጥራቱ በፊት «ለምን እንሄዳለን?» የሚለውን ጥያቄ ያስተምር። በዓል የሚያዘጋጀው የመንግሥት ሠራተኛም የተሰብሳቢውን ቁጥር ለበላይ አካል ሪፖርት ከማድረጉ በፊት፣ ከመጡት መካከል ስንቱ ያለ ቅጣት ሊቀር ይችል እንደነበረ ራሱን ይጠይቅ።

መሪ ያልፋል፣ መድረክ ይፈርሳል። በብርድ ቆሞ ቃሉን የሰማው ሰው ግን ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ቃሉም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። መሐላውን የሚያስጠይቀው እርሱ ነው።