ከዙሪክ የመጣ ከረጢት

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ደረቅ ቆሻሻ በተጠራ አንድ የውይይት መድረክ ላይ፣ ከልምድ ልውውጥ ጉዞ የተመለሰ አንድ ባለሙያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፎቶ ሲያሳይ ቆየ። የታጠበ የሚመስል አስፋልት፣ ተሰልፈው የቆሙ ገንዳዎች፣ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሹፌር። መጨረሻ ላይ መድኃኒቱን በአንድ ቃል ቋጨው፦ ከረጢት። የአዲስ አበባ ነዋሪ እንደ ዙሪክና እንደ ሴኡል ሰው ምልክት ያለበትን ከረጢት ከሱቅ ገዝቶ ቆሻሻውን በእሱ ብቻ ያውጣ፤ ብዙ ያቆሸሸ ብዙ ይከፍላል፣ ጥቂት ያቆሸሸ ጥቂት። አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። "ያቆሸሸ ይክፈል" የሚባል ነገር ማን ይቃወማል? የተቃወመ ወዲያው የቆሻሻ ጠበቃ ተብሎ ይመዘገባል።

ይመዝገብ።

ከረጢት እኮ ሚዛን አይደለም። የሚያውቀው ውስጡ የገባውን ብቻ ነው፤ በጎኑ አልፎ ቱቦ ውስጥ የወደቀውን፣ ሌሊት ወንዝ ዳር የተደፋውን፣ ጓሮ የተቃጠለውን አያውቅም። ይህን ለማወቅ ደግሞ የልምድ ልውውጥ አያስፈልግም ነበር፤ ነገሩ ተጠንቶ ያለቀ ነው። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ሻርለትስቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ለአንድ ከረጢት 80 የአሜሪካ ሳንቲም ማስከፈል ሲጀመር፣ ዶን ፉለርተንና ቶማስ ኪናማን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን የ75 ቤቶችን ቆሻሻ ከክፍያው በፊትና በኋላ ለኩት። በከረጢት ሲቆጠር ቆሻሻው 37 በመቶ ቀንሷል። በኪሎ ሲመዘን ግን የቀነሰው 14 በመቶ ብቻ ነው። ሰዉ ቆሻሻውን ከመቀነስ ይልቅ ረገጠው። እንዲህ ያለውን ክፍያ ቀደም ብላ በጀመረችው በሲያትል ለዚህ ስም ወጥቶለት ነበር፤ በአማርኛ "የሲያትል ረገዳ" ብንለው ከዋናው አይርቅም። ምሁራኑ ሌላም ነገር ገመቱ፤ ቀነሰ ከተባለው ውስጥ 28 በመቶ ያህሉ ተደብቆ ሌላ ቦታ የተጣለ ሊሆን ይችላል አሉ።

ሻርለትስቪል ሀብታም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ቀበናና ግንፍሌ በመካከሏ አይፈሱም።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ወንዙም ቱቦውም በነጻ ነው፣ ሁሌም ክፍት ነው፣ ተራም አይጠበቅበትም። ክረምት ሲገባ ዶፉን ጠብቆ ማዳበሪያውን ጎርፉ ላይ የሚያራግፍ ሰው እንዳለ በወንዝ ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሰው ዛሬ እንዲህ የሚያደርገው የጋሪው ተራ እስኪደርስ መጠበቅ ታክቶት ነው። ነገ ለእያንዳንዱ ከረጢት ብር አውጣ ሲባል ምን የሚያደርግ ይመስላል? ባለሙያው በዚህ ላይ አንድ ስላይድ እንኳ አልነበረውም።

ዙሪክን ካነሱ አይቀር በደንብ ማንሳት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከረጢቱን በመቅረጥ ቀድማ የተነሳችው ሳንክት ጋለን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1975። ዙሪክ የገባችበት በ1993 ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማዘጋጃ ቤቶች ለቆሻሻ ማስወገጃ ያቆሸሸውን እንዲያስከፍሉ፣ ከጠቅላላ ግብር ብቻ እንዳይሸፍኑት የወሰነው ደግሞ በ2011 ነው። የ35 ሊትር ከረጢት ሁለት ፍራንክ አካባቢ ያወጣል። ከረጢቱ ግን ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ነዋሪው ጠርሙሱን የሚጥልበት ገንዳ በየሰፈሩ አለ፣ ወረቀቱን በቀኑ መጥተው ይወስዱለታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን የሸጠለት ሱቅ መልሶ ይቀበለዋል፤ ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው የተረፈው ብቻ ነው። ምልክት በሌለው ፌስታል ቆሻሻ ያወጣ ሰው ካለ ደግሞ ጓንት ያጠለቀ ተቆጣጣሪ ፌስታሉን ፈትቶ፣ ስም ያለበት ፖስታ እስኪያገኝ ይበረብራል፤ ቅጣቱም ቤት ድረስ ይመጣል። እዚህ ከተማ፣ ብዙው ቤት የቤት ቁጥሩን ፍለጋ ሦስት ጊዜ በሚያስደውልበት፣ የትኛው ፖስታ ነው የሚገኘው?

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ጄኔቫ፣ ያችው የስዊዘርላንድ ጄኔቫ፣ አገሩ ሁሉ ከረጢት ሲቀርጥ ለዓመታት አሻፈረኝ ብላ የኖረች ናት። የልምድ ልውውጡ አውሮፕላን ጄኔቫ ላይ አርፎ ቢሆን ኖሮ መድረኩ ላይ ምን ዓይነት ስላይድ እናይ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

ወደ ሴኡል እንሂድ፤ የሴኡሉ ነገር ይበልጥ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ትምህርቱ እዚያ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ደቡብ ኮሪያ በከረጢት ልክ ማስከፈልን በመላ አገሪቱ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጥር 1995 ነው። ከዚያ በፊት ክፍያው ከቤት ግብርና ከቤቱ ስፋት ጋር የተያያዘ ነበር። ውጤቱ አይካድም፤ አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው ቆሻሻ ከ1.3 ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ወረደ። ባለሙያው ይህችን ቁጥር በትልቁ ጽፎ አሳይቷል። ያላሳየው የቀደመውን ነው። ሴኡልም እንደ አዲስ አበባው የቆሻሻ ተራራ የራሷ ቆሼ ነበራት፣ ናንጂዶ ይባላል። ቀድሞ በሃን ወንዝ ላይ ያለ የእርሻ ደሴት ነበር፤ ከ1978 እስከ 1993 የከተማዋ ቆሻሻ ሲደፋበት ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሁለት ተራሮች ሆነ፣ በላዩም ቆሻሻ እየለቀሙ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሰፈሩበት። ከተማዋ በ1992 በኢንቾን በኩል በሥርዓት የተሠራ ማስወገጃ ከፈተች፣ በ1993 ናንጂዶን ዘጋች፣ ከረጢቱ የመጣው በ1995 ነው። ናንጂዶ ዛሬ መናፈሻ ነው፤ በ2002 ለዓለም ዋንጫው ተመረቀ።

ማስወገጃ፣ መዝጋት፣ ከረጢት። ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው። መድረኩ ላይ የቀረበው ሦስተኛው ብቻ ነው፣ እሱም አንደኛ ሆኖ።

የእኛ ቆሼ የት እንዳለ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። ከዚያ በፊት በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው ገበሬዎች ባነሱት ተቃውሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ፤ የከተማው መኪና ሁሉ ተመልሶ ቆሼ ላይ መድፋት ያዘ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ረጲ ላይ የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ተመርቆም የቆሼ ተራራ ከቦታው አልተነሳም። እንግዲህ ምልክት ያለበት፣ ከሱቅ የተገዛ፣ በሥርዓት የታሰረው ከረጢት ጉዞውን የሚጨርሰው የት ነው? ነዋሪው ልኩን ጠብቆ ከከፈለ በኋላ የከፈለበት ነገር የሚሄድበትን ቦታ ማን ይነግረዋል?

ባለሙያው የአሁኑን አከፋፈል ኢፍትሐዊ ብሎታል። እዚህ ላይ አልተሳሳተም። በአዲስ አበባ የቆሻሻ ክፍያ ለረጅም ዓመታት ከውኃ ቢል ጋር ሲሰበሰብ ኖሯል፤ በውኃው ሂሳብ ላይ ለመኖሪያ ቤት 20 በመቶ፣ ለድርጅት 42.5 በመቶ እየተደመረ። ውኃ የጠጣ ሁሉ በጠጣው ልክ ያቆሽሻል ማለት ነው። በግቢው ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው የቧንቧ ሂሳቡ ትንሽ ስለሆነ ቆሻሻውም ትንሽ ሆኖ ይቆጠርለታል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰባት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚኖርበት የኪራይ ግቢ ነው። ፍጆታ ሲጨምር የውኃው ዋጋ በደረጃ ስለሚንር፣ ድሃው ሁሉ በአንድነት እንደ አንድ ትልቅ ሀብታም ይቆጠራል፤ የቆሻሻው ክፍያም በዚያው በናረው ሂሳብ ላይ ይሰላል።

ቢሉ የሚመጣበት ቀን እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ መዋል ጥሩ ነው። አከራይዋ ወረቀቱን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሂሳቡ በራስ ይካፈላል። የእማማ ጓዳ ሁለት ሰው፣ የጥግ ቤት አምስት። የሕፃኑ ልብስ በየቀኑ ይታጠባል፣ ይጨመርባቸው ይላል አንዱ። ከገጠር የመጣችው አክስት ሁለት ሳምንት ከርማለች፣ እሷስ? ወንደላጤው ቀን ቀን ቤት አይውልም፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይቅማል፣ በማግስቱ የጫቱ ገረባ በሩን ይሞላዋል። አሁን እዚህ ግቢ ላይ የዙሪክን ከረጢት ማምጣት ነው። ሰባቱም ቤት ቆሻሻውን የሚያጠራቅመው በር ሥር በቆመ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ገረባው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ አመዱስ? የበቆሎው ቆረቆንዳስ? የቡናው አተላስ? ከረጢቱን ማን ይገዛል፣ ማንስ በማን ከረጢት ጣለ? ሰባት ሆነው በአንድ ቆጣሪ መግባባት ያቃታቸው ሰዎች በከረጢት እንዲግባቡ ነው የታሰበው።

በዓሉን ባናነሳው ይሻላል። ግን ተነሳ። አንድ በግ የታረደበት ቤት ፈርሱ፣ ቄጤማው፣ የዶሮው ላባ ተደማምሮ የ35 ሊትር ከረጢት በስንት ይገባል? የበጉ ቆዳ ራሱ ትናንት ገንዘብ ነበር፤ "ቆዳ አለ?" የሚል ድምፅ ገና ሥጋው ሳይበለት በር ላይ ይሰማ ነበር። ገበያው ሲወድቅ ቆዳው በየመንገዱ ተጥሎ ታየ። ያንን ቆዳ ያቆሸሸው ማነው? አራጁ ነው፣ መግዛት ያቆመው ነጋዴ ነው ወይስ ገበያውን የገደለው? ከረጢቱ መልስ አለው፤ መጨረሻ ላይ በእጁ የያዘው።

የከረጢቱ መርሕ ዋናው ድክመት ደግሞ ይኼ ይመስላል። ሰዉ ቆሻሻውን የሚመርጥ አድርጎ ያየዋል። የአዲስ አበባ ድሃ ቤት የሚሸጠውን አስቀድሞ ሸጧል። ጠርሙሱ፣ ቆርቆሮው፣ የዘይት ጀሪካኑ፣ የተሰበረው ምጣድ ክዳን ሳይቀር ለቁራሌው ተሰጥቶ ምናለሽ ተራ ደርሷል። ኮሪያ በሕግና በካሜራ ያመጣችውን መለየት እዚህ "ቁራሌው!" የሚል ጩኸት ሲያደርገው ኖሯል፣ ያለ በጀት። ማዳበሪያው ውስጥ የሚቀረው አመድና ቅጠላ ቅጠል፣ ልጣጭና ገረባ ነው። ይህንን በምን ይቀንሰው? ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ይብላ?

በዚያ ላይ ከተማዋ ጋሪ ገፍተው ከየቤቱ ለሚሰበስቡት ማኅበራት የምትከፍለው በሚያስረክቡት ቆሻሻ መጠን ነው። ብዙ ያመጣ ብዙ ያገኛል። ነዋሪው ደግሞ ብዙ ካወጣ ይቀጣ ተባለ። አንዱን ጨምር፣ ሌላውን ቀንስ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚያው አንድ ማዳበሪያ ነው።

ምን ይደረግ ለሚል፣ ክፍያው ከውኃው ይላቀቅ፤ መኖሪያ ቤቱ እንደ ደረጃው የተቆረጠ ትንሽ ገንዘብ ይክፈል፣ ከበድ ያለው ሆቴሉና ሕንፃው ላይ ይዙር፣ ጠርሙሱን አምርቶ የሚሸጠውም ፋብሪካ ድርሻውን ያንሳ። የጋሪው ቀን ይታወቅ፣ በቀኑም ይምጣ። ዝርዝሩን የሚሠሩት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሉ።

መድረኩ በምሳ ሰዓት አበቃ። በየሰው ፊት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቆሞ ነበር፤ አብዛኛው አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ የተተወ ነው። ተሳታፊው ሲወጣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ገባች። ውኃውን እያንቆረቆረች ባልዲ ውስጥ ደፋች፣ ጠርሙሱን በእግሯ እየጠፈጠፈች ማዳበሪያ ሞላች፣ አፉን በሲባጎ አሰረችና ከእሷ ለሚገዛው ሰው በር ሥር አቆመችው። ባለሙያው በአጠገቧ ሲያልፍ ስልክ እያወራ ነበር። በትከሻው ላይ አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ያደሉት፣ የመድረኩ ርዕስ የታተመበት የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሁለተኛ ይኖር እንደሆነ በር ላይ ጠይቆ ነበር፤ ሰጡት።