ለአሮጌ ሞተር የሚገባው ዘይት

«መኪናው ካረጀ ዘይቱ ይወፍር» የሚለው አነጋገር ከአዲስ አበባው መርካቶ እስከ ሐርጌሳው ዋሄን ገበያ ድረስ በብዙ ነጂዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሮ ይኖራል። አነጋገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ሆኖ ሳለ እንደ ሙሉ እውነት ስለሚሠራበት፣ መኪናው የቤተ ሰቡ እንጀራ የሆነለትን ሰው ለከባድ ኪሣራ ይዳርገዋል።

በዘይቱ ጣሳ ላይ የሚታየው ቍጥር የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ካወጣው አመዳደብ የተወረሰ ነው። ለምሳሌ 10 ደብሊው 40 በተባለው ዘይት፣ ኋለኛው ቍጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ይገልጻል። ፊተኛው ቍጥር ደግሞ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ያመለክታል። «ደብሊው» የተባለው ፊደል ክረምትን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ይኸው ክረምት የኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ሳይሆን የሰሜኑ አገር በረዶ ነው። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቢቀዘቅዝም ዘይት የሚያረጋ ብርድ የለባትም። ስለዚህ በዚያ የሚነዳ ሰው አብልጦ ሊመረምረው የሚገባው ኋለኛውን ቍጥር ነው።

እርጅናም ሁለት ዓይነት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አንደኛው ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በፊት የተሠራው፣ የሠሪው መጽሐፍ ራሱ ለሞቃት አገር ወፍራም ዘይት የሚፈቅድለት ሞተር ነው። ሁለተኛው እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያለው፣ በጃፓን ተሠርቶ ካገለገለ በኋላ በዱባይ በኩል በበርበራ ወደብ የሚገባው ነው። ይህኛው ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ቢሆንም አሠራሩ ለቀጭን ዘይት የተለካ ነው። ሁለቱን በአንድ ጣሳ ማከም ለሕፃንና ለሽማግሌ አንድ መድኃኒት እንደ መስጠት ይቈጠራል።

ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዚህም መካከል ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ቤንዚኑም ያለ ጥቅም ይባክናል። የዘይት ግፊት መለኪያው ከፍ ሲል ባለ መኪናው ደስ ይለዋል፤ ይሁን እንጂ ግፊት መጨመሩ ዘይቱ ለማለፍ መቸገሩን እንጂ በብዛት መድረሱን አያረጋግጥም። ሰማያዊው ጭስም ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል፤ የተበላው የፒስተን ቀለበት ግን አልታደሰም።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? በመጀመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ መመልከት ነው፤ መጽሐፉ ከጠፋም ቍጥሩ ብዙ ጊዜ በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሞተሩ ዘይት እስካልበላ ድረስ ከዚያ መውጣት አያስፈልግም። በየሳምንቱ በደልዳላ ስፍራ ሲለካ ዘይቱ እየጐደለ የተገኘ እንደ ሆነ፣ አንድ ደረጃ ብቻ፣ ማለት ከ30 ወደ 40፣ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በበርበራ ለሚሠራ፣ ወይም ጭኖ የሼክን ዳገት ወደ ቡርዖ ለሚወጣ መኪና ይህ ይበልጥ ይገባል። አንድ ደረጃ ያልበቃው ሞተር ግን የሚፈልገው መካኒክ ነው እንጂ ዘይት አይደለም።

የመሥሪያ ቤት አስተዳዳሪዎችም ለእያንዳንዱ መኪና የዘይቱን ቍጥር፣ የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን የሚይዝ ካርድ ቢያስቀምጡ የመንግሥት ገንዘብ ከብክነት ይድናል። ነጋዴውም ቢሆን «መኪናህ ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ዋሄን መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በረመዳን ዋዜማ ሌሊት በእሳት ሲጋይ የብዙ ነጋዴዎች ሀብት ዐመድ ሆኗል። እሳት የማይበላው ሀብት የደንበኛ እምነት ነውና፣ እርሱን በአንድ ጣሳ ዘይት ትርፍ መለወጥ አይገባም።