አሮጌዋ ፒክአፕ ትጠገን ወይስ ትሸጥ

ብዙ ዘመን ያገለገለች ፒክአፕ ያላቸው አባወራዎች፥ ብልሽቷ በተደጋገመ ጊዜ፥ ትጠገን ወይስ ትሸጥ እያሉ ከባለቤታቸው ጋራ ይመክራሉ። ነገሩ የልጆችን የትምህርት ገንዘብና የቤተ ሰብን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ፥ የምናስበውን በአጭሩ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ብልሽቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ፍሪሲዮን፥ የፍሬን ሸራ፥ ባሌስትራና ኩሽኔታ በሥራ ብዛት የሚያልቁ ናቸውና፥ እነርሱ ስላለቁ መኪናዋ አበቃላት አይባልም፤ ይለወጣሉ። የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ነጭ ጭስ ቢበዛ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም፤ ሰማያዊ ጭስም ሞተሩ ዘይት ማቃጠሉን ያመለክታል። የእነዚህ ወጪ ከባድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የሻንሲው በዝገት መበላት ነው፤ ሻንሲዋ የተበላ መኪና ሞተሯ ቢያምርም ሰው ሊሳፈርባት አይገባም።

ሁለተኛ፥ የዓመቱን የጥገና ወጪ በደብተር ጽፎ መደመርና ከመሸጫዋ ዋጋ ጋራ ማስተያየት ነው። ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ፥ በነዳጅ የሚሠራ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሌላውን አሮጌ ይገዛል፤ ሕመሙን ግን አስቀድሞ አያውቀውም። ስለዚህ ሻንሲዋና ሞተሯ ደኅና ከሆኑ፥ የሚያውቋትን ጠግኖ መያዝ ይሻላል እንላለን።

መሸጥ ግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጉድለቷን ሳይሸሽጉ ለገዢው መንገር ይገባል። እርሱም ልጆቹን የሚያሳፍርባት አባት ነውና።